ሴቷ ትቆይ

ወንድሜ ኢምራን ከባድ ልጅ መሆኑን ያወቅኩት የርዕሰ መምህሯ ቢሮ በር ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ነው።

ያኔ ሰባት ዓመቴ ነው፤ አንደኛ ክፍል ነኝ። ኢምራን በሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤ ሁለተኛ ክፍል ነው። የካ አባዶ ኮንዶሚንየም ከገባን ብዙም አልቆየንም ነበር። ደረጃው ላይ ገና የቀለም ሽታ አለ፤ ነፋሱ ከእርሻው በኩል ሲመጣ የገለባ ብናኝ እያመጣ ዓይናችን ውስጥ ይጨምርብናል። የዚያን ቀን እናታችን ሐሚዳ ከትምህርት ቤት ተደውሎላት መጣች። ትንሹን ወንድማችንን ሙስአብን እንዳዘለች ቢሮ ገባች። ኢምራን ግቢው ውስጥ ቆሞ፣ ውኃ የሌለውን ቧንቧ ይከፍታል፣ ይዘጋል። እኔን የጠራኝ ሰው አልነበረም። ግን የቤተሰባችን ጉዳይ እኔ ሳልሰማ እንዲያልቅ አልፈልግም ነበርና ሽንት ቤት ብዬ ከክፍል ወጣሁ።

ሙስአብ ያለቅስ ስለነበር የሰማሁት ቁርጥራጩን ነው።

«ምን ላድርግ ወይዘሮ ሐሚዳ? ልጁ ለእኛ ከባድ ነው» አለች ርዕሰ መምህሯ።

ከባድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። በእኛ ብሎክ እጁን ለቆ ብስክሌት የሚነዳው ልጅ ከባድ ነው። ኳስ በተረከዙ አንስቶ በራሱ ላይ የሚያሳልፈው ልጅ ከባድ ነው። የኔ ወንድም፣ ካልሲውን ሁልጊዜ ገልብጦ የሚለብሰው ኢምራን፣ አንድ ትምህርት ቤት ሙሉ ያስጨነቀ ከባድ መሆኑን ግን እስከዚያ ቀን አልጠረጠርኩም።

ከዚያ ደግሞ «ሴቷ ትቆይ» አለች።

ይኼም ገባኝ። ክትባት ሲመጣ ትንንሾቹን «እናንተ ቆዩ» ይሉናል። ትልልቆቹ ሴቶች ገመድ ሲዘሉ ጠጋ ካልኩ «አንቺ ቆዪ» ይሉኛል። ቆዪ ማለት ገና ነሽ፣ አልደረስሽም ማለት ነው። ወንድሜ ትምህርት ቤት ያልቻለው ሊቅ፣ እኔ ደግሞ ገና ያልበሰልኩ ጥሬ መሆኔ ነው።

«አይ» አለች እናቴ። «ሁለቱም ይወጣሉ።»

በሩን ስትከፍተው በጆሮዬ ወደ ውስጥ ወደቅኩ።

ወደ ቤት ስንሄድ ማንም አይናገርም። እኔ ደግሞ ዝምታ አልወድም። «ኢምራን» አልኩት፣ «ዳይሬክተሯ ከባድ ነው ብላሃለች።»

ቆመ። «እኔን?»

«አዎ። ትምህርት ቤቱ አልቻለህም። እኔ ደግሞ ልቆይ ተብያለሁ። ገና ነኝ።»

ፊቱ ላይ የሆነ ነገር በራ። ከብዙ ጊዜ ወዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ሳቀ። እናቴም ቆመች። አፏን ከፈተች፤ ኢምራንን አየችው፤ መልሳ ዘጋችው። ሙስአብን ጀርባዋ ላይ ከፍ አድርጋ አስተካከለችና «አዎ፣ ልክ ናት» አለች። «ከባድ ነህ። ስለዚህ ቤት ሆነን እህትህን በማስተማር ታግዘኛለህ። ንባብ ላይ እርዳታ ያስፈልጋታል።»

«እሺ» አለ ኢምራን። ወዲያው ትከሻው የሰፋ መሰለኝ።

ነገሩ እንደዚያ አልነበረም። ኢምራን ፊደል አልያዝለት ብሎ ነበር። ሁለተኛ ክፍል ገብቶ «ቤት»ን ከ«ሴት» አይለይም። በዚያ ሳምንት አስተማሪው ከክፍሉ ፊት አቁሞ አስነብቦት፣ ልጆቹ በሙሉ ስቀውበት፣ ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሆዱን ያመው ነበር። ርዕሰ መምህሯ ያለቻት፣ እሱን ሌላ ቦታ ፈልጊለት፣ ሴቷ ግን ጎበዝ ናትና እዚሁ ትቆይ ነው። እናቴ ከቢሮው ስትወጣ ተናዳለች እንጂ ምን እንደምታደርግ አታውቅም ነበር። ዘዴውን መንገድ ላይ የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ ያውም ሳላውቀው።

አባታችን ሰይድ አውሮፕላን ማረፊያ የጭነት መጋዘን ውስጥ ይሠራ ነበር። ወደ ውጭ የሚላከውን አበባ ከቀዝቃዛው ክፍል እያወጣ ይጭናል፤ ለዚህ ነው አባቴ በልጅነቴ ሁልጊዜ ጽጌረዳና ናፍጣ የሚሸተው። ወሬውን ሲሰማ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰው።

«ቤት ውስጥ? ማን ሊያስተምራቸው?»

«እኔ።»

«ሐሚዳ፣ አንቺ እኮ አስረኛ ክፍል ነው ያቆምሽው።»

«እነሱ አንደኛና ሁለተኛ ናቸው። እስኪደርሱብኝ ጊዜ አለኝ።»

አባቴ ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ «ያ አላህ» አለ። በማግስቱ ግን ከሥራ ሲመለስ ተቀዶ የተጣለ የአበባ ካርቶን በክንዱ ሙሉ ታቅፎ መጣ። ለሰሌዳ ይሆናል ብሎ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ዩኒፎርም አስለበሰችን። ቁርስ አበላችን። ከዚያ ከቤት አስወጣችን። «ትምህርት ቤት ከቤት ተነስቶ ነው የሚኬደው» ብላ ከአራተኛ ፎቅ እስከ ምድር ወርደን እንድንመለስ አዘዘች። ስንመለስ በሩ ተዘግቷል። አንኳኳን። የከፈተችልን ሴት እናታችንን አትመስልም፤ ለዒድ ብቻ የምታወጣውን አረንጓዴ ሂጃብ ለብሳ ፊቷን ኮስተር አድርጋለች።

«አርፍዳችኋል» አለችን።

«አንቺ እኮ ነሽ ውረዱ…» ብሎ ኢምራን ጀመረ።

«ቲቸር በሉ።»

ቲቸር አልናት። ሙስአብ ብቻ «እማ! እማ!» እያለ የክፍሉን ሥርዓት አበላሸ።

እውነት ለመናገር የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትምህርት ቤታችን የሚያሳፍር ነበር። ቲቸር መደመርን በሽንኩርት ማስተማር ጀመረች፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ምሳሌዎቿ በሙሉ ተከትፈው ድስት ገቡ። አንድ ቀን የድስት ክዳን በማንኪያ መትታ «ዕረፍት!» አለችና ራሷ ፍራሹ ላይ ጋደም አለች፤ ዕረፍቱ እስከ ዙህር ሶላት ቀጠለ። ሙስአብ ጠመኔ በላ። በዚያ ላይ የውኃው ነገር። ውኃ ደስ ባለው ሰዓት ነበር የሚመጣው፤ ከታች አንዱ «መጣች!» ብሎ ሲጮህ ቲቸር ቲቸርነቷን ጥላ ወደ ጀሪካኖቿ ትሮጣለች። እኛም እንከተላታለን። ጀሪካኑ ሲሞላ ድምፁ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ይሄድና ሊገነፍል ሲል «አሁን!» ብለን የምንጮኸው እኛ ነን። ይኼ የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ነው ተባልን።

ለእኔ ክፉው ሰዓት ጠዋት ነበር። በረንዳው ላይ ቆሜ ወደ ታች ሳይ ማኅደር ቦርሳዋን አዝላ ስታልፍ አያታለሁ። ማኅደር አንድ ዴስክ ላይ አብራኝ የምትቀመጥ ጓደኛዬ ነበረች። መጀመሪያ ሰሞን ቀና ብላ እጇን ታውለበልብልኝ ነበር፤ ቆይቶ ግን ከሌላ ልጅ ጋር እያወራች ማለፍ ጀመረች፤ ቀና ማለቱንም ተወችው። አልፈረድኩባትም። ገና ያልደረሰች ልጅ ጓደኛ ልትሆን አትችልም ብዬ ነበር ያሰብኩት።

እናቴ የአባቴን ካርቶን በቢላዋ እየቆረጠች ፊደል ሠራችበት። መዳፍ የሚያህል ሀ፣ መዳፍ የሚያህል ለ። ፎጣ ታለብስበትና እጃችንን ከሥር አስገብተን በዳሰሳ ብቻ እንድንናገር ታደርገናለች። ካርቶኑ ገና የጽጌረዳ ሽታ አልለቀቀውም። እኔ እጄን ከማስገባቴ «ሰ!» እላለሁ። ኢምራን ግን ዓይኑን ጨፍኖ፣ ምላሱን በከንፈሩ ዳር ብቅ አድርጎ፣ ረጅም ጊዜ ይዳስሳል።

«ሰ አናቷ ላይ አንቴና አላት» ትለዋለች እናቴ ቀስ ብላ። «አገኘኸው? በ ግን ጣሪያዋ ጠፍጣፋ ነው። ቴሌቪዥን የላትም።»

«አንቴና… አንቴና አላት። ሰ!»

«ማሻአላህ! በል አሁን ለራሕማ አስረዳት።»

እሱም ወደ እኔ ይዞርና በትዕግሥት ያስረዳኛል። «አየሽ ራሕማ፣ አንቴናዋን ካየሽ ሰ ናት። አትቸኩዪ፣ እሺ?» እኔም እሺ እላለሁ። ያስተምረኝ ነበር፤ ደግሞም ጥሩ አስተማሪ ነበር። አንድ ነገር ሦስቴ ሲያስረዳኝ ሦስተኛው ላይ እሱ ራሱ «አሃ!» ይላል። አስተማሪ ሁሉ እንደዚህ የሚል ይመስለኝ ነበር።

የንባብ ጊዜ ሲሆን ጥፋቴ ይብስ ነበር። እኔ ገጹን ካየሁት ቃላቱ ራሳቸው ከአፌ ይወጣሉ። መስመሩን ሳልጨርስ እናቴ እጇን ታነሳለች። «ራሕማ፣ ትሮጫለሽ። ንባብ ሩጫ አይደለም። ወንድምሽን እዪው።» አየዋለሁ። ኢምራን ጣቱን ከፊደሉ ሥር ያደርጋል። ግንባሩን ያልበዋል። «እ… ና… ቴ…» ሲል እያንዳንዱ ፊደል እንደ ጆንያ ከመሬት የሚነሳ ይመስላል። ለካ ንባብ እንዲህ ነው ብዬ አደንቃለሁ። ብቻዬን ስሆን መታጠቢያ ቤት ገብቼ የሳሙናውን ወረቀት ይዤ እለማመዳለሁ። «ሳ… ሙ… ና…» ላብ እንዲመጣልኝ ትንፋሼን እይዛለሁ። ላቡ ግን እምቢ ይለኛል።

ከእኛ ሥር ሦስተኛ ፎቅ ላይ እትዬ ሃረገወይን ይኖሩ ነበር። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በጡረታ የወጡ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው፤ የብሎኩ ወሬ ቀድሞ የሚደርሰው እሳቸው ጋ ነው። የድስት ክዳን ደወላችንን መጀመሪያ ሲሰሙ የባልና ሚስት ጠብ መስሏቸው ሊገላግሉ ወጥተው ያውቃሉ። አንድ ጠዋት እናቴ ሁለታችንን ይዛ ስትወርድ መግቢያው ላይ ያዙን።

«ሐሚዳ፣ እነዚህ ልጆች ምነው ዩኒፎርም ለብሰው ደረጃ ላይ ሲወጡ ሲወርዱ ይውላሉ? ወረዳ ቢሰማ ምን ልትይ ነው?»

«ለጊዜው ነው እትዬ። እኔው እያስተማርኳቸው ነው።»

«እንግዲህ እናያለና። አንተ፣ ትልቁ፣ ይችን ማስታወቂያ አንብብልኝ እስቲ። መነጽሬን አልያዝኩም።»

መነጽራቸው አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ግድግዳው ላይ ያለው የብሎኩ ኮሚቴ የለጠፈው ወረቀት ነው። ኢምራን ጠጋ አለ። ጣቱን አነሳ። «የ… የ…» አለና ቆመ። እናቴ እጁን ልትይዝ ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። ማንም ምንም አይልም።

ዝምታ አልወድም ብያለሁ። «የነዋሪዎችን ትብብር እንጠይቃለን፣ ደረጃ ላይ ቆሻሻ ማስቀመጥ ክልክል ነው፣ ኮሚቴው!» ብዬ በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት።

እናቴ ክንዴን ጨመቀችኝ። ስሮጥ ተያዝኩ ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

እትዬ ሃረገወይን እኔን አዩኝ፣ ኢምራንን አዩት፣ ከዚያ እናቴን አዩዋት። እናቴ በዓይኗ ብቻ የሆነ ነገር ለመነቻቸው።

«ውይ» አሉ ሴትየዋ፣ ድምፃቸውን ለወጥ አድርገው። «ይቺ እንኳ ሰው ሲያነበው ሰምታ ሸምድዳው ነው። ንባብ እንደሱ ነው፣ ረጋ ተብሎ። ከነገ ጀምረህ እየመጣህ ታነብልኛለህ፣ እሺ የኔ ጌታ? ዓይኔ ደክሟል።»

እንዴት እንደተናደድኩ! አልሸመደድኩም! ግን ትልቅ ሴት ናቸው፤ ምን እላለሁ። ከዚያ ወዲህ ኢምራን በየቀኑ ሦስተኛ ፎቅ ወርዶ ያነብላቸው ጀመር። የጨው ከረጢት፣ የክብሪት ቀፎ፣ ግድግዳቸው ላይ የተሰቀለ ካሌንደር። ሲመለስ ከረሜላ በጉንጩ ወጥሮ ነው። ለእኔ አይልኩልኝም፤ እኔ ሸምዳጅ ነኛ። እትዬ ሃረገወይን ጋዜጣ ከዳር እስከ ዳር፣ ያውም ያለ መነጽር የሚያነቡ ሴት መሆናቸውን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

ከሁሉም የከፋው ግን ከዚያ በኋላ መጣ። አንድ ጠዋት አባቴ ከሌሊት ፈረቃ ሲመለስ እኔ ነቅቼ ፍራሼ ላይ ተጋድሜያለሁ። ኢምራን ተኝቷል። ከመጋረጃው ወዲያ እናትና አባቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይነጋገራሉ።

«ልጅቷን ለምን ታስቀሪያታለሽ?» ይላል አባቴ። «እሷ ምን አጠፋች?»

እናቴ የመለሰችለትን በደንብ አልሰማሁትም። የመጨረሻው ብቻ ጆሮዬ ገባ። «ትንሽ ታገሠኝ ሰይድ። ወላሂ እክሳታለሁ።»

ደርቄ ቀረሁ። እናቴ ልትከሰኝ ነው! ማስታወቂያ ላይ በመሮጤ፣ ወረዳ ሄዳ ልትከሰኝ! አባቴ እንኳ ምን አጠፋች ብሎ ቢሟገትልኝ ወላሂ ብላለች፤ ስለዚህ አይቀርም። ካሳና ክስ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያስረዳኝ አልነበረም። ለሳምንታት በቤቱ ውስጥ ከእኔ የተረጋጋ ፍጡር አልነበረም። ቀስ ብዬ አነባለሁ፣ ቀስ ብዬ እበላለሁ፣ ደረጃ እንኳ ቀስ ብዬ እወርዳለሁ። አባቴ «ይቺን ልጅ አሟታል እንዴ?» ብሎ ግንባሬን ነካ።

ዝናቡ ሊገባ ሲል እናቴ ጫማ ልትገዛልን ወደ መገናኛ ይዛን ሄደች። ከየካ አባዶ መገናኛ መንገዱ ረጅም ነው፤ ሚኒባሱ ሞልቶ እኔና እማ ሙስአብን አቅፈን አንድ ወንበር ላይ ተደራርበናል፣ ኢምራን በር በሩን ይዟል። ከበሩ በላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። እኔ ገና ስገባ አንብቤው ነበር፤ ግን ክሱን ፈርቼ ዝም ብያለሁ።

«በ… ር…» ሲል ሰማሁት። ማንም አንብብ አላለውም። ቲቸር እንኳ ወደ ሌላ ቦታ እያየች ነበር። «በር… ቀ… ስ… ተብ… ሎ…» ተሳፋሪው ጸጥ አለ። «በር ቀስ ተብሎ ይዘጋል!»

«ተባረክ!» አለ ረዳቱ። «ሁለት ዓመት ለጥፌው ያነበበው አንተ ብቻ ነህ። ሌላው ይወረውረዋል እንጂ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ኢምራንም ሳቀ። እናቴ ግን ወደ መስኮቱ ዞራ የሂጃቧን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ ይዛለች። መገናኛ ደረስን፤ አልወረድንም። «እማ፣ ደረስን እኮ!» አልኳት። አልሰማችኝም። ሚኒባሱ እያለፈ ሄዶ እኛን ሲያወርደን ጫማ ተራው ከኋላችን ርቆ ቀርቷል። አቧራ ዓይኗ ውስጥ ገብቶ ነው መውረጃዋን ያጣችው ብዬ አዘንኩላት፤ እጇን ይዤ እየመራሁ መለስኳት።

ክረምቱ ሲያልቅ ወደ ቦሌ አራብሳ በኩል አዲስ የተከፈተ ትምህርት ቤት ለመግቢያ ፈተና ወሰደችን። የፈተኑን መምህር ላጲሶ የሚባሉ፣ ቁመታቸው በሩን የሚያህል፣ ድምፃቸው ግን ለስላሳ ሰው ናቸው። እናቴን ከመስኮቱ ውጭ አግዳሚ ላይ አስቀመጧትና እኛን ጎን ለጎን አስቀምጠው መጀመሪያ ለኢምራን አንድ ገጽ ሰጡት። ስለ ገበያ የተጻፈ ነው።

ኢምራን ጣቱን ከመስመሩ ሥር አደረገ። ቀስ እያለ ሄደ። አንድ ቦታ ላይ ቆመና «አንቴና አላት» አለ ለራሱ።

«ምን አልክ?» አሉ መምህሩ።

«ምንም። ‹ሴቶች› ነው የሚለው። ሴቶቹ ወደ ገበያ ሄዱ።» ደግሞ ቀጠለ፤ እስከ መጨረሻው ነጥብ ድረስ።

መምህር ላጲሶ ወረቀቱን ተቀበሉት። «ደህና ነው። በጣም ደህና። ማን ነው ያስተማረህ?»

«እኔ ነኝ የማስተምረው» አለ ኢምራን ደረቱን ነፍቶ። «እሷን። ትሮጥ ነበር፤ አሁን ደህና ሆናለች።»

መምህሩ ፈገግታቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሌላ ገጽ ለእኔ ሰጡኝ። የዓመቱ ልፋት ሁሉ ለዚህ ነበርና የተማርኩትን በሙሉ አወጣሁት። ጣቴን ከሥር አደረግኩ። ግንባሬን ቋጠርኩ። «አ… ን… ድ…» አልኩ። «ቀ… ን…» ትንፋሼን ያዝኩ። ከዚህ የተሻለ አንብቤ አላውቅም። መምህር ላጲሶ ግን ፈገግታቸው ጠፋ። ወደ መዝገባቸው ዘንበል ብለው «አንደኛ ክፍልን ብትደግመው ነው የሚሻላት» ሲሉ ለራሳቸው ሰማኋቸው።

ድጋሚ ቆዪ ልባል ነው! እንባዬ መጣ። የበለጠ ቀስ ካልኩ ይሻላል ብዬ ጣቴን የመጀመሪያው ፊደል ላይ መለስኩ።

ያኔ ኢምራን ወደ እኔ ዞረ። ለጥቂት ጊዜ ፊቴን አየኝ። ከዚያ እጄን ይዞ ጣቴን ከወረቀቱ ላይ አነሳው።

«ራሕማ፣ ሩጪ» አለኝ። «ዛሬ ፈቅጄልሻለሁ።»

«እማ ትከሰኛለች» አልኩት በሹክሹክታ።

«እኔ አለሁ። ሩጪ።»

ሮጥኩ። ገጹን ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ሳልተነፍስ ወረድኩት። ገልብጬ ጀርባውን አነበብኩ። መምህሩ ጠረጴዛቸው ላይ የነበረ የአራተኛ ክፍል መጽሐፍ ሲከፍቱልኝ እሱንም አነበብኩ። ኢምራን ወንበሩ ላይ ተነስቶ «አያችሁ? አያችሁ?» ይላል፣ የራሱ ፈረስ እሽቅድምድም ያሸነፈለት ይመስል። በመስኮቱ ስመለከት እናቴ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭናለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አዋረድኳት ብዬ ነበር ያሰብኩት።

ኢምራን አሁን ቦሌ ባሉ ሕንጻዎች ሊፍት ይጠግናል። ማኑዋሉን ሲያነብ ዛሬም ጣቱ ከመስመሩ ሥር ናት፤ ቀስ ይላል፤ ግን አይሳሳትም። ያን ቀን ምን ያህል ያውቅ እንደነበር አንድ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። «ምን አውቅ እንደነበር?» አለኝና ሳቀ፤ ሌላ ወሬ አመጣ።

እናቴ ግን ነገሩን በሙሉ የነገረችኝ ዩኒቨርሲቲ ልገባ ሻንጣዬን ስታዘጋጅልኝ ነው። ብቻውን ቤት ባስቀረው መባረሩን ያውቅ ነበር፤ አንቺን ካስቀረሁሽ ግን ሁለታችሁም ያልተባረራችሁ ትሆናላችሁ ብዬ ነው አለችኝ። ልብሴን እያጠፈች፣ ሳታየኝ፣ «አንድ ዓመት ወስጄብሻለሁ። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አለች።

«ሁለታችንንም ሦስተኛ ክፍል አስገቡን አይደል? አንድ ክፍል ዘለልኩ እኮ፤ ተመለሰልኝ» አልኳት።

«ክፍሉስ ተመለሰ። ያቺ በረንዳ ላይ ቆመሽ የምታዪያት ጓደኛሽስ?»

ታውቅ ኖሯል። አቅፌያት «አውፍ ብያለሁ እማ» አልኳት፤ ከልቤም ነበር። ለአንድ ሳምንት ግን ስለ ማኅደር ሳስብ ሰነበትኩ።

ያኔ ፈተናውን ባለፍንበት ዓመት፣ መስከረም ላይ፣ አዲሱ ትምህርት ቤታችን ትምህርት ጀመረ። እናቴ አረንጓዴ ሂጃቧን ለብሳ፣ ሙስአብን ይዛ አደረሰችን። በር ላይ ዘበኛውን የሆነ ነገር ጠየቀችው። «እናቶች አይገቡም» ሲላት ሰማሁ። ኢምራንና እኔ አንድ ዴስክ ላይ ተቀመጥን። አጠገቤ ብትሆኝ ይሻላል፣ ዓይኔን እጥልብሻለሁ አለኝ። ልመና አላስፈለገኝም፤ እኔም የፈለግኩት እሱን ነው።

የምሳ ደወል ሲደወል ወደ በሩ ሮጥን። እናታችን ከዘበኛው ቤት ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ሙስአብ ጭኗ ላይ ተኝቷል። ከጠዋት ጀምሮ አልተነሳችም።

«እማ፣ ቤት አልሄድሽም?» አላት ኢምራን።

«ቤት ገብቼ ማንን ላስተምር?» አለች።

ሳያት ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝ። ዓመቱን ሙሉ አብራን ተምራለች። ሽንኩርቱን ደምራለች፣ ፊደሉን ቆርጣለች፣ አንድ ቀን እንኳ ቀርታ አታውቅም። እኛ ሁለታችን አለፍን፤ እሷ ብቻ ሳትገባ ቀረች። ሂጃቧን እንኳ ለብሳ ነበር የመጣችው።

እጄን በበሩ ብረቶች መካከል አሾልኬ ትከሻዋን ነካኋት።

«አይዞሽ እማ» አልኳት። «ለከርሞ ይቀበሉሻል።»

ኢምራን ሊስቅ ሲል እናታችን አየችው፤ ተወው። እሷ አልሳቀችም። እጄን ይዛ ረጅም ጊዜ አየችኝ።

«ኢንሻአላህ» አለች።